ቁጥር 65፦ ሳይጠየቅ ወደ ጠፈር የተላከው ምርኮኛ

በ1961 መጀመሪያ ላይ በዓለም ጋዜጦች የዞሩ ፎቶዎች ነበሩ። አንድ ትንሽ ቺምፓንዚ በልኩ በተሠራለት መቀመጫ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ ከንፈሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርሱን ያሳያል። ከጠፈር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ «ፈገግ ብሏል፣ ጉዞው ተመችቶታል» አለ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈገግታ ግን አልነበረም። ቺምፓንዚ ሲጫወት አፉን ዘና አድርጎ ነው የሚከፍተው፤ የላይኛው ጥርሱ ብዙ ጊዜ እንደተሸፈነ ይቀራል። ከንፈሩን ስቦ ሁለቱንም ረድፍ ሲያወጣ ፈርቷል ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቺምፓንዚዎችን ያጠናችው ጄን ጉዶል ከዓመታት በኋላ እነዚህን ምስሎች ስታይ ያነበበችው ከባድ ፍርሃት ነው። በ1961 ግን ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ጉዶል ራሷ በዛሬዋ ታንዛኒያ ጎምቤ ጫካ ውስጥ ሥራ ከጀመረች ገና ሰባት ወር እንኳ አልሞላትም።

ስለ ጠፈር የሚተርኩ ልብ ወለዶችና ፊልሞች የምትወዱ ከሆነ ይህን ዓይነት ታሪክ ታውቁታላችሁ፦ ጠፈርተኞች ሩቅ ዓለም ይደርሳሉ፣ ከእነሱ የበለጠ አእምሮ ባላቸው ፍጡራን ይያዛሉ፣ ፍርግርግ ውስጥ ይገባሉ፣ ይፈተናሉ። ስናነበው ሁላችንም ራሳችንን የምናየው በምርኮኛው ቦታ ነው። እውነተኛው ታሪክ ላይ ግን ቦታችን ሌላ ነበር። ፍርግርጉን የሠራነው፣ ፈተናውን ያወጣነው፣ እርማቱንም የያዝነው እኛ ነን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስተካክል። በአማርኛ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም «ዝንጀሮ» ብለን ስለምናልፍ ነገሩ ይምታታል። ቺምፓንዚ ዝንጀሮም ጦጣም አይደለም። ጅራት የለውም፣ እኛ አገር በዱር አይገኝም፣ በዘር ደግሞ ከሰሜን ተራሮቹ ጭላዳ ይልቅ የሚቀርበው ለእኔና ለእናንተ ነው። ለጠፈር የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቅርበቱ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮኬቶቹ እየደረሱ ነበር፤ የሰው አካል ግን ገና ጥያቄ ነበር። ሰው ክብደት አልባ ሲሆን ምግብ መዋጥ ይችላል? ዐይኑ በትክክል ያያል? ልቡስ? ሐኪሞቹን ከሁሉም በላይ ያሳሰባቸው፣ አእምሮው እጁን ማዘዝ ይችል እንደሆነ ነበር። ካፕሱሉ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ አብራሪው እጀታ መያዝ ካልቻለ ምን ዋጋ አለው?

ሶቪየቶች ውሻ ላኩ። ላይካ በኅዳር 1957 ስትነሳ መመለሻ አልተሠራላትም ነበር፤ ከተነሳች በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሙቀት መሞቷ ለዓለም የተነገረው በ2002 ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ትንንሽ ጦጣዎችን በሮኬት ይልኩ ነበር። አልበርት 2ኛ የሚባለው በ1949 ጠፈር ደርሶ ሲመለስ ፓራሹቱ ስላልሠራ ሞተ። እነዚህ እንስሳት የተላኩት በሕይወት መኖር ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። «መሥራት ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን እጅ ያለው፣ ትእዛዝ የሚማር እንስሳ ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ሃም እዚህ ላይ ይመጣል። በ1957 ገደማ በያኔዋ የፈረንሳይ ካሜሩን ጫካ ተወለደ። አጥማጆች ያዙት። ማያሚ ፍሎሪዳ ውስጥ ወዳለ የእንስሳት ነጋዴ ተላከ፤ በ1959 የአሜሪካ አየር ኃይል ገዛውና ኒው ሜክሲኮ በረሃ ወዳለው የሆሎማን ጦር ሠፈር ወሰደው። የቺምፓንዚ ግልገል እስከ አራት አምስት ዓመቱ ከእናቱ አይለይም። እሱ ሆሎማን ሲገባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

እዚያ አርባ እጩዎች ነበሩ። ተጣርተው አሥራ ስምንት ቀሩ፣ ከዚያ ስድስት። የሃም መጠሪያ «ቁጥር 65» ነበር። «ሃም» የሚለው ስም የሆሎማን የሕክምና ማዕከል የእንግሊዝኛ መጠሪያ ምህጻር ሲሆን (ከኖኅ ልጅ ከካም ጋር አይገናኝም) በይፋ የወጣለት ከጉዞው በሰላም ከተመለሰ በኋላ ነው። ስም ያለው እንስሳ ቢሞት ሕዝቡ ያዝናል ተብሎ እንደተሰጋ ይነገራል። ቁጥር ቢሞት ግን ቁጥር ነው።

ሥልጠናው እንዲህ ነበር። ፊት ለፊቱ መብራቶችና እጀታዎች አሉ። ሰማያዊው መብራት ሲበራ በአምስት ሰከንድ ውስጥ እጀታውን መጫን አለበት። ከተጫነ የሙዝ ጣዕም ያላት ፍሬ ትወርድለታለች። ከዘገየ እግሩ መዳፍ ላይ በተገጠመው ብረት ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። በ15 ወር ውስጥ 219 ሰዓት እንዲህ ሠለጠነ።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ እውነቱን ልናገር፦ ይህ መሣሪያ በጣም ንጹሕ ነው። መብራት ይገባል፣ የእጅ እንቅስቃሴ ይወጣል፣ በመሃል ያለው ጊዜ ይለካል። መሬት ላይ የለካችሁትን ጠፈር ላይ ከለካችሁት ጋር ታነጻጽራላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የሚመልሰው የጠየቃችሁትን ብቻ መሆኑ ነው። ከመብራቱና ከእጀታው ጀርባ ያለው ፍጡር ስለ ሁኔታው ምን እንደሚያስብ ሰንጠረዡ ላይ ረድፍ የለውም።

ጥር 31 ቀን 1961። ኬፕ ካናቬራል፣ ፍሎሪዳ። ሃም ጠዋት ካፕሱሉ ውስጥ ገባ። አንድ የኤሌክትሪክ ክፍል ከልክ በላይ እየሞቀ ስላስቸገረ ወደ አራት ሰዓት ገደማ እዚያው ታስሮ ጠበቀ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሬድስቶን የተባለው ሮኬት ተነሳ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሞተሩ ከታቀደው በላይ ፈጥኖ ፈሳሽ ኦክስጅኑን ጨረሰ። ካፕሱሉ ላይ አደጋ ሲኖር ራሱን የሚያነሳ የማዳኛ ሮኬት አለ። ይህ ሥርዓት በሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት መውረዱን አየና «አደጋ!» ብሎ ተኮሰ። ሊያድን የተሠራው ሮኬት ካፕሱሉን ከታቀደው በላይ ገፋው። በሰዓት 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ የነበረበት ከ9,400 በላይ ሄደ። 185 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መድረስ የነበረበት 253 ደረሰ።

በዚያች ቅጽበት ሃም ወደ 17 ጂ የሚጠጋ ጫና አረፈበት። ጂ ማለት መሬት በሰውነታችን ላይ የምታሳድረው የተለመደ ጫና ነው፤ አሁን ተቀምጣችሁ ስታነቡ 1 ጂ ላይ ናችሁ። ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ደግሞ 14.7 ጂ። ሃም 17 ኪሎ ይመዝን ነበር። 17ን በ14.7 ስታባዙት 250 ኪሎ ይመጣል፦ ሁለት ኩንታል ተኩል በደረታችሁ ላይ።

ይህ ብቻ አይደለም። ሲነሱ በነበረው መንቀጥቀጥ የአንድ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ መቆለፊያ ላላ፤ የካፕሱሉ አየር ወጣ። ሃም የተረፈው መቀመጫው ራሱ የተዘጋ፣ የራሱ አየር ያለው ሳጥን ስለነበረ ነው። በመካከል ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ክብደት አልባ ሆነ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሃል ምን ያደርግ ነበር? እጀታ ይጫን ነበር። ሰማያዊው መብራት ሲበራ ይጫናል። ምላሹ መሬት ላይ ከነበረው የዘገየው በሰከንድ ክፋይ ብቻ ነው። ለሐኪሞቹ ይህ ታላቅ ዜና ነበር፤ ጥያቄያቸው ተመለሰ። ሰው ጠፈር ላይ መሥራት ይችላል!

ጉዞው 16 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር የፈጀው። ካፕሱሉ ከታቀደው ቦታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። በአካባቢው መርከብ አልነበረም። የሙቀት መከላከያው ጋሻ ሲወድቅ ካፕሱሉን በሳው፤ ውኃ መግባት ጀመረ። ሄሊኮፕተር መጥቶ እስኪያነሳው ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ፤ ያን ጊዜ ካፕሱሉ ውስጥ 360 ኪሎ ያህል የባሕር ውኃ ነበር። ዶነር የተባለችው መርከብ ላይ ሲከፍቱት በሕይወት አለ። አንድ ፖምና ግማሽ ብርቱካን በላ።

ወደ ኬፕ ከተመለሱ በኋላ ለካሜራ እንዲመች ወደ ካፕሱል አጠገብ ሊያስጠጉት ሞከሩ። እምቢ አለ። ለማረጋጋት ሦስት ሰው አስፈለገ። እኔ ከዚህ ሙከራ ሁሉ መረጃ ልምረጥ ብባል ይህችን ነው የምመርጠው። እጀታው ያልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይህ ነበር።

የሮኬቱ ብልሽት የታሪክን አቅጣጫም ቀየረ። የሮኬቱ አባት ቬርነር ፎን ብራውን «ሰው ከመጫናችን በፊት አንድ ሙከራ እንጨምር» አለና በመጋቢት ሰው የሌለበት ሮኬት ተላከ። አላን ሼፐርድ እስከ ግንቦት 5 ጠበቀ። በመሃል፣ ሚያዝያ 12፣ ዩሪ ጋጋሪን መሬትን ዞሮ ገባ። ያ ሞተር ኦክስጅኑን ባያባክን ኖሮ ጠፈር የገባው የመጀመሪያው ሰው አሜሪካዊ ሊሆን ይችል ነበር።

ከሃም በኋላ የሄደው ቺምፓንዚ ብዙም አይነሳም፤ ለእኔ ግን የሱ ታሪክ ይበልጣል። ስሙ ኢኖስ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሄኖስ» የሚባለው ስም ነው፤ በዕብራይስጥ «ሰው» ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምን እያሰቡ እንደነበር እንጃ።

ኢኖስም ከካሜሩን የመጣ ነው። ከ1,200 ሰዓት በላይ ሠለጠነ፤ ፈተናው ከሃም ይከብድ ነበር። ከፈተናዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ ሦስት ምስሎች ይበራሉ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ለምሳሌ ሁለት ክብና አንድ ጎነ ሦስት። ከተለየው ሥር ያለውን እጀታ መጫን አለበት። ይህ እንግዲህ ማነጻጸር ይጠይቃል፤ «መብራት ሲበራ ተጫን» ከማለት ያልፋል።

ኅዳር 29 ቀን 1961 በአትላስ ሮኬት ተነሳ። ሃም ወጥቶ ወረደ እንጂ መሬትን አልዞረም፤ ኢኖስ ዞረ። ጉዞው እየተካሄደ እያለ የመካከለኛው እጀታ ተበላሸ። የተለየው ምስል መሃል ላይ ሲመጣ ኢኖስ ትክክለኛውን እጀታ ይጫናል፤ ማሽኑ ግን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይነዝረዋል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ በትክክል ይጫናል፣ ደግሞ ይነዝረዋል። ብዙ ጊዜ።

እስቲ በኢኖስ ቦታ ሁኑ። የተማራችሁት ሕግ ድንገት ተገልብጦ ትክክል መሆን ያስቀጣል። ብዙዎቻችን ከሦስተኛው ንዝረት በኋላ መልሳችንን እንቀይር ነበር። ኢኖስ አልቀየረም። እንደ ሠለጠነው ቀጠለ።

ላብ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ንባቡ ሲዛባ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማንን ነው፣ ሴንሰሩን ወይስ የሚለካውን ነገር? ኢኖስ በንዝረቱ ግራ ተጋብቶ እጀታውን ቢቀያይር ኖሮ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የስሕተት ክምር ነው። «ክብደት አልባነት አእምሮን ያውካል» የሚል መደምደሚያ ሩቅ አልነበረም። ማሽኑ መሳሳቱ እንዲታወቅ ተፈታኙ ከማሽኑ ይልቅ የሚታመን መሆን ነበረበት። ሆነም።

ሦስት ዙር ታቅዶ ነበር፤ ካፕሱሉ አቅጣጫውን የሚያስተካክልበት አንድ ክፍልም ስለተበላሸና ሙቀትም ስለጨመረ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ወረደ። መርከብ መጥታ እስክታወጣው ድረስ ኢኖስ የልብሱን የሆድ ክፍል ቀዶ ሰውነቱ ላይ ከተለጠፉት ሴንሰሮች አብዛኞቹን ነቃቅሎ ነበር። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጆን ግሌን በዚያው መንገድ መሬትን ዞረ። ኢኖስ ከበረራው ዓመት ሳይሞላው በተቅማጥ በሽታ ሞተ።

በ1963 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ታተመ፤ ርእሱ «ላ ፕላኔት ዴ ሳንዥ»፣ የዝንጀሮዎች ፕላኔት። ደራሲው ፒየር ቡል ነው። በሙያው የኤሌክትሪክ ኢንጂነር የነበረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢንዶቻይና ውስጥ ተይዞ የከባድ ሥራ እስራት የተፈረደበት፣ በ1944 ያመለጠ ሰው። መታሰር ምን እንደሆነ በቃል የተነገረው አይደለም።

በ1968 የወጣውን የአሜሪካ ፊልም ያያችሁ ይኖራላችሁ። መጽሐፉ ግን ይለያል፤ ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ይበልጣል። ሦስት ሰዎች ቤቴልጅስ በተባለችው ኮከብ ዙሪያ ወደምትገኝ ፕላኔት ይሄዳሉ። መርከባቸው ላይ አንድ ቺምፓንዚ አለ፤ ስሙ ሄክተር። እዚያ ሲደርሱ የሚናገሩት፣ የሚለብሱት፣ ከተማ የሠሩት ጎሪላ፣ ኦራንጉታንና ቺምፓንዚ ናቸው። ሰዎቹ ራቁታቸውን በጫካ የሚሮጡ አውሬዎች ናቸው። ተራኪው ኡሊስ በአደን ተይዞ የምርምር ተቋም ውስጥ በፍርግርግ ይዘጋበታል። ዚራ የተባለች ቺምፓንዚ ተመራማሪ በፉጨትና በደወል ትፈትነዋለች፤ ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ላይ እንደሠራው ዓይነት።

የኡሊስ ችግር እዚህ ይጀምራል። ፈተናውን በቀላሉ ያልፋል፤ ግን ማለፉ ምንም አያረጋግጥለትም! ደወል ሲሰማ ምግብ መጠበቅ ውሻም ያውቃል። ጥሩ ውጤት ባመጣ ቁጥር ዛይየስ የሚባለው አዛውንት ኦራንጉታን «በደንብ የሠለጠነ እንስሳ ነው» ይላል። ፈተናው አእምሮን እንዳያይ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ኡሊስ ራሱን የሚገልጠው ከፈተናው ውጭ በመውጣት ነው። የዚራን ማስታወሻ ደብተር ወስዶ የጂኦሜትሪ ምስሎች ይስላል፤ ከእነሱም አንዱ የፓይታጎረስ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ፍሬም አይወርድለትም። ዚራ የምትደነግጠው ያኔ ነው።

ይህ ሐሳብ የልብ ወለድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1972 ፓዮኒር 10 ከመሬት ስትነሳ ላይዋ ላይ የብረት ሰሌዳ ተለጥፎባት ነበር፤ የሃይድሮጅን አተም፣ የፀሐይ ቦታ፣ የወንድና የሴት ምስል። ለማናውቃቸው ፍጡራን «እዚህ የሚያስብ አለ» ለማለት የመረጥነው መንገድ የኡሊስ መንገድ ነው።

ከመጽሐፉ ውስጥ ግን በጣም የገረመኝ መጨረሻው አካባቢ ያለው ነው። እዚያች ፕላኔት ላይ ያሉት ሳይንቲስቶች ሳተላይት ሊያመጥቁ ነው፤ በጠፈር ላይ የሰውነትን ሁኔታ ለማጥናት ውስጡ የሚያስገቡት ሰዎችን ነው። ኡሊስ የሚያመልጠው በነዚያ ሰዎች ቦታ ተተክቶ ነው። ሃም ከበረረ ሁለት ዓመት በኋላ የታተመ መጽሐፍ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ለዛይየስ ትንሽ ልከራከርለት። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ይጠላዋል፤ ግን ጥርጣሬው ሞኝነት አይደለም። ከ1900 ጥቂት ዓመታት በኋላ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ጉድ ተባለ። «ሦስትና አራት ስንት ነው?» ሲሉት በኮቴው ሰባት ጊዜ መሬት ይመታል። ባለቤቱ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ከልቡ ያምን ነበር። በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሚስጥሩን አወጣ። ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። ሃንስ የሚያየው የጠያቂውን ፊትና ሰውነት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰውየው ሳያውቀው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ፈረሱም ያቆማል። ሳይንስ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ትምህርት ወሰደ፦ እንስሳ «አሰበ» ከማለታችሁ በፊት ቀላሉን ማብራሪያ አስወግዱ።

ስለዚህ ምርኮኛው ከሁለት በኩል ተይዟል። ፈተናው ጠባብ ከሆነ አእምሮው አይታይም፤ ፈተናው ሰፊ ከሆነ ደግሞ «አስመስሎ ነው» ይባላል።

ይህ በእውነተኛ ሕይወት የደረሰባት ዋሾ ናት። ዋሾ በምዕራብ አፍሪካ ተይዛ ወደ አሜሪካ የመጣችው ልክ እንደ ሃም ለአየር ኃይሉ ምርምር ነበር። በ1966 ግን አለንና ቢያትሪክስ ጋርድነር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ኔቫዳ ውስጥ ተቀበሏት። የቺምፓንዚ ጉሮሮ ለንግግር አይመችም፤ ስለዚህ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ አስተማሯት። በአራት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ምልክቶች ለመደች። በ1979 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኸርበርት ቴሬስ ኒም የተባለውን ቺምፓንዚ በራሱ ካስተማረ በኋላ ቪዲዮውን መርምሮ «በአብዛኛው አስተማሪውን እየተከተለ ነው፣ ዓረፍተ ነገር አይሠራም» አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ሰዋስው ላይ የቴሬስን ጥርጣሬ እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያቺ ቺምፓንዚ ሆሎማን ብትቀር ኖሮ ክርክሩ ራሱ አይነሳም ነበር። እጀታ ይሰጣት ነበር፣ እጀታ ትጫን ነበር።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ምልክት ከጫካው ነበር የመጣው። ሃም ሊበር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ጄን ጉዶል ጎምቤ ላይ አንድ ቺምፓንዚ ቅጠሉን ከእንጨት ላይ ገፎ፣ እንጨቱን ኩይሳ ውስጥ ሰድዶ ምስጥ ሲያወጣ አየች። መሣሪያ መሥራት የሰው ልጅ ብቻ ነው ሲባል ነበር። ማንም አላሠለጠነውም፤ መብራትም አልበራለትም።

የሆሎማን ቺምፓንዚዎች ጠፈር ላይ ሥራቸው ሲያልቅ ነፃ አልወጡም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አየር ኃይሉ ለሕክምና ምርምር ላብራቶሪዎች ያከራያቸው ነበር። በ1997 ካሮል ኑን የተባለች የሥነ ሰብ ተመራማሪ ድርጅት አቋቁማ ፍርድ ቤት ሄደች፤ መጀመሪያ 21 ቺምፓንዚዎችን አስለቀቀች። በ2002 ይዟቸው የነበረው ላብራቶሪ ሲዘጋ 266 ሌሎችን ተረከበች። ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ዛፍና ሣር ያላቸው ደሴቶች ተሠሩላቸው። አንዳንዶቹ ለአሥርተ ዓመታት ሣር ረግጠው አያውቁም ነበር።

ሃም ይህን አልደረሰበትም። በ1963 ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ተዛወረ፤ እዚያ 17 ዓመት ከሌላ ቺምፓንዚ ተለይቶ ብቻውን ኖረ። በ1980 ሰሜን ካሮላይና ወዳለ ማቆያ ወሰዱት፤ እዚያ የራሱ ዓይነት ነበሩ። ከእነሱ ጋር ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ኖሮ በጥር 1983 ሞተ፣ በ25 ዓመቱ ገደማ። አጥንቱ ለጥናት በሙዚየም ተቀምጧል። የቀረው ሥጋው የተቀበረው አላሞጎርዶ፣ ኒው ሜክሲኮ ነው፤ እጀታውን ከተማረበት ከሆሎማን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ።